አንድ ቫይረስ፣ የተለያየ ዕጣ፦ የዘረ-መል ልዩነት በኤችአይቪ ሂደት ላይ ያለው ሚና

ኤችአይቪ በሰው ገላ ውስጥ የሚጓዝበት ፍጥነት ከሰው ሰው ይለያያል። ሕክምና ባልነበረበት ዘመን ቫይረሱ ከገባባቸው ሰዎች ገሚሱ በአሥር ዓመት ገደማ ወደ ኤድስ ደረጃ ይደርሱ ነበር። ጥቂቶች በሁለትና በሦስት ዓመት ውስጥ ይወድቁ ነበር፤ ሌሎች ጥቂቶች ግን ከ15 ዓመት በላይ ያለ ሕመም ኖረዋል። ተጠያቂው ቫይረሱ ነው ወይስ የሰውየው ተፈጥሮ? ሁለቱን ለመለየት ከረዱት አጋጣሚዎች አንዱ የተገኘው በአውስትራሊያ ነው። (ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1980ዎቹ መጀመሪያ፣ የልገሳ ደም ለኤችአይቪ መመርመር ከመጀመሩ በፊት፣ በሲድኒ አንድ ሰው ደም ይለግስ ነበር። ደሙን የወሰዱ ሕሙማን በቫይረሱ ቢያዙም ዓመታት አልፈው የኤድስ ምልክት አልታየባቸውም። ጄኒፈር ሊርሞንትና ባልደረቦቻቸው ጉዳዩን በ1992 ይፋ አደረጉ። በ1995 ደግሞ ሜልበርን ፌርፊልድ በነበረው የማክፋርሌን በርኔት የሕክምና ምርምር ማዕከል ኒኮላስ ዲከንና አጋሮቻቸው ከለጋሹና ከስድስት ተቀባዮች የተገኘውን ቫይረስ መርምረው ምክንያቱን አገኙ፤ ኔፍ ከተሰኘው የቫይረሱ ዘረ-መል ከፊሉ ጎድሏል። ኔፍ ቫይረሱ ከበሽታ ተከላካይ ሕዋሳት ዕይታ እንዲሰወር የሚያግዘው መሣሪያ ነው።

መልሱ ቫይረሱ ነው ተብሎ እንዳይደመደም ግን ዓመታት ጣልቃ ገቡ። በ1999 በወጣው ዘገባ፣ ከ14 እስከ 18 ዓመት ከቆዩት መካከል የለጋሹን ጨምሮ የአንዳንዶቹ የሲዲ 4 ሕዋሳት ቁጥር ማሽቆልቆል ጀምሮ ነበር፤ የሌሎቹ ግን ንቅንቅ አላለም። ምንጩ አንድ የሆነው ቫይረስ በየሰዉ ገላ የየራሱን ለውጥ ማድረጉ አልቀረም፤ ሆኖም የሰዎቹም ተፈጥሮ መታየት ነበረበት።

ከሁሉ የሚደንቀው በ2019 የወጣው የአንድ ተቀባይ ታሪክ ነው። የሲድኒና የሜልበርን ተመራማሪዎች ይህ ግለሰብ ቫይረሱን ከሰውነቱ ጨርሶ አስወግዶ ሊሆን እንደሚችል ጻፉ። ግለሰቡ ሁለት ውርስ ነበረው፤ ኤችኤልኤ ቢ57 የተሰኘ የዘረ-መል ዓይነትና ከአንድ ወላጅ የመጣ ዴልታ 32።

ኤችኤልኤ በሕዋስ ገጽ ላይ የቫይረሱን ቁርጥራጭ ለገዳይ ሕዋሳት የሚያሳይ ፕሮቲን ነው። ቢ57 የሚያሳየው ቫይረሱ ቅርጹን ቢለውጥ ራሱን የሚያዳክምበትን ክፍል ነው፤ ማምለጫው ዋጋ ያስከፍለዋል ማለት ነው። ቢ27ም እንዲሁ ይጠቅማል፤ ቢ35 ግን በአንጻሩ ከፈጣን መባባስ ጋር ይያያዛል። ዴልታ 32 ደግሞ ቫይረሱ ወደ ሕዋስ የሚገባበትን ሲሲአር 5 የተሰኘ በር ያበላሻል። ከሁለቱም ወላጆች የወረሱት ሰዎች በአብዛኞቹ የኤችአይቪ ዓይነቶች አይያዙም ማለት ይቻላል፤ ከአንዱ ብቻ የወረሱት ይያዛሉ፣ በሽታው ግን ይዘገይባቸዋል። ከኤችአይቪ በመፈወስ የመጀመሪያው የሆኑት ቲሞቲ ሬይ ብራውን በርሊን ውስጥ የተሰጣቸው መቅኔ እንዲህ ካለ ለጋሽ የመጣ ነበር።

ይሁንና ውርስ ሁሉን አይወስንም። በ2015 የአውሮፓ ዝርያ ባላቸው ከ6,000 በላይ ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት፣ በደም ውስጥ በሚገኘው የቫይረስ መጠን ላይ ከሚታየው ልዩነት በዘረ-መል የሚብራራው ሩብ ያህሉ ብቻ መሆኑን አሳይቷል። ጠቃሚው ውርስ ጉዳትም ሊያመጣ ይችላል፤ ቢ57:01 ያለባቸው ሰዎች አባካቪር ለተባለው ፀረ-ኤችአይቪ መድኃኒት ለሕይወት የሚያሰጋ አለርጂ ሊያሳዩ ይችላሉ። ግንኙነቱን በ2002 ካሳዩት አንዱ የፐርዝ ተመራማሪዎች ናቸው፤ ዛሬ መድኃኒቱ ከመታዘዙ በፊት የደም ምርመራ ይደረጋል።

ዴልታ 32 በሰሜን አውሮፓውያን ዘንድ የተለመደ ቢሆንም ከሰሃራ በታች ባሉ አፍሪካውያን፣ በኢትዮጵያውያንም ዘንድ፣ ከሞላ ጎደል የለም። በ1994 በአዲስ አበባ የተጀመረው የኢትዮጵያና የኔዘርላንድስ የኤድስ ምርምር ፕሮጀክት የአቃቂና የወንጂ ፋብሪካ ሠራተኞችን ለዓመታት ሲከታተል ሌላ ነገር አስተውሏል፤ ኤችአይቪ የሌለባቸው ኢትዮጵያውያን የሲዲ 4 ቁጥር ከኔዘርላንዳውያን ያነሰ ነበር። ተመራማሪዎቹ ለዚህ በዋናነት የጠረጠሩት ዘርን ሳይሆን የአካባቢን ተጽዕኖ ነው። በዚያ ዘመን ሕክምና የሚጀመርበት ጊዜ የሚወሰነው በዚሁ ቁጥር ስለነበር ጉዳዩ ቀላል አልነበረም። ከ2015 ጀምሮ ግን የዓለም ጤና ድርጅት፣ የሲዲ 4 ቁጥር ምንም ይሁን ምን፣ ቫይረሱ የተገኘበት ሁሉ ሕክምና እንዲጀምር ይመክራል።