ስኳድራ ሲገባ

አባቴ ግንበኛ ነበር። መሠረት ሲያወጣ ማዕዘኑ ላይ ችካል ይተክልና ሁለት ሲባጎ ይወጥራል፤ በአንደኛው 60 ሳንቲ ሜትር፣ በሁለተኛው 80 ለክቶ በእርሳስ ምልክት ያደርጋል። በምልክቶቹ መካከል ሜትር የምይዝለት እኔ ነኝ። ልክ 100 ከመጣ «ስኳድራ ገባ» ይላል፤ ማዕዘኑ ቀጥ ያለ ሆነ ማለቱ ነው። 101 ከሆነ አንዱን ሲባጎ ወደ ውስጥ ይስባል።

ኋላ መምህራችን የፓይታጎረስን ቲዎረም ሰሌዳ ላይ ሲጽፉ ደብተሬ ጥግ ላይ ሞከርኩት፦ 60 በራሱ ሲባዛ 3,600፣ 80 በራሱ ሲባዛ 6,400፤ ድምሩ 10,000። እሱም 100 በራሱ ሲባዛ ነው። ማታ ለአባቴ ስነግረው «ሰውዬው ግንበኛ ነበር እንዴ?» አለኝ።

መልሱን ያገኘሁት ዘግይቼ ነው። ፓይታጎረስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ6ኛው መቶ ዓመት በሳሞስ ደሴት ተወልዶ፣ ደቡብ ኢጣሊያ ውስጥ ተከታዮች ያፈራ ፈላስፋ ነው። በእጁ የጻፈው አንድም ነገር አልደረሰንም። ስሌቱን ግን ባቢሎናውያን ከእሱ ከ1,000 ዓመት በላይ ቀድመው ያውቁት ነበር። ዬል ዩኒቨርሲቲ ውስጥ መዳፍ የምትሞላ የሸክላ ጽላት አለች፤ ላይዋ ላይ ካሬና ሁለት ሰያፎቹ ተስለዋል። ጎኑ 30 ነው፤ ሰያፉን ለማግኘት የሚባዛበት ቁጥርም እስከ አምስተኛው የአሥርዮሽ ቤት ትክክል ነው። ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ያለችው ሌላዋ ጽላት ደግሞ 15 መስመር ቁጥሮች ይዛለች። ከመጀመሪያው መስመር የሚወጣው ሦስት ማዕዘን ጎኖቹ 119፣ 120 እና 169 ናቸው። ይህን በግምት የሚያገኝ የለም።

በጽላቶቹ ላይ ስሌት እንጂ ማረጋገጫ የለም። ማረጋገጫውን ጽፎ ያቆየልን ዩክሊድ ነው፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ300 ገደማ፣ እስክንድርያ። በሥራው የመጀመሪያ መጽሐፍ 47ኛው ዐረፍተ ሐሳብ ማዕዘኑ ቀጥ ያለ ከሆነ ሁለቱ አጫጭር ጎኖች በየራሳቸው ተባዝተው ሲደመሩ ድምሩ ረጅሙ በራሱ ሲባዛ ከሚገኘው ጋር እኩል እንደሚመጣ ያሳያል። 48ኛው ተገላቢጦሹ ነው፦ ድምሩ እኩል ከመጣ ማዕዘኑ ቀጥ ያለ ነው። የአባቴ ሲባጎ የሚሠራው በዚህኛው ነው፤ እሱ በእጁ ያለው ርዝመት ነው፣ የሚፈልገው ማዕዘን።

ይህን አንድ ቀን ሥራ ቦታ ላይ አስረዳሁት። ችካሉ ላይ ተደግፎ እስከ መጨረሻው ሰማኝ።

«ጥሩ ነው» አለ። «በል ሜትሩን ያዝ፤ ሰያፎቹ እኩል መሆናቸውን እንይ።»