የሩስፖሊ ቱራኮ፡ መለያ ምልክቶቹና ጥበቃው

የሩስፖሊ ቱራኮ በደቡብ ኢትዮጵያ ብቻ የሚገኝ፣ በዋናነት ፍራፍሬ የሚመገብ ብርቅዬ ወፍ ነው። ስያሜውን ያገኘው ከጣሊያናዊው አሳሽ ከልዑል ኤውጄኒዮ ሩስፖሊ ነው። አሳሹ በ1893 እ.ኤ.አ. በዝሆን ተገድሎ ሲሞት የሰበሰበው ናሙና ከየት እንደተገኘ የሚገልጽ ማስታወሻ ስላልነበረ፣ የወፉ መኖሪያ እስከ 1940ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ሳይታወቅ ቆይቷል። ዛሬ በነገሌ ቦረና፣ በዋደራና በአረሮ አካባቢ ባሉ የጥድ ደኖች፣ ቁጥቋጦዎችና የወንዝ ዳር ዛፎች ይታያል።

መለያ ምልክቶች

ወፉ 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመትና ረጅም ጅራት አለው። አካሉ በአብዛኛው አረንጓዴ ስለሆነ በቅጠል መካከል ሲቀመጥ በቀላሉ አይታይም፤ ሲበር ግን በክንፎቹ ላይ ያለው ደማቅ ቀይ ቀለም ይገለጣል። ይህ ቀለም መዳብ ካለበት ቱራሲን ከተባለ ንጥረ ነገር የሚገኝ ነው።

ቀይ ክንፍ ብቻውን ግን መለያ አይሆንም፤ በተለምዶ ሶሪት የሚባለው ነጭ ጉንጭ ቱራኮም ይኸው ቀለም አለው። ስለዚህ ተመልካቹ በቅድሚያ ራሱን ማየት ይኖርበታል።

• የሩስፖሊ ቱራኮ፦ ጉትዬው ነጣ ያለ ሲሆን ከማጅራቱ በኩል ቀላ ያለ ምልክት አለው፤ ጉንጩ ላይ ነጭ ምልክት የለውም።
• ነጭ ጉንጭ ቱራኮ፦ ጉትዬው አብዛኛውን ጊዜ ጠቆር ያለ ነው፤ ከዓይኑ ፊት ነጭ ነጠብጣብ፣ ከጆሮው ወደ አንገቱ የሚወርድ ነጭ መስመር አለው።

ሁለቱ ዝርያዎች በሚገናኙበት ስፍራ ስለሚዳቀሉ የተቀላቀለ ምልክት ያለው ወፍ ሊያጋጥም ይችላል። በዚህ ጊዜ ራሱን በጎን በኩል ፎቶግራፍ ማንሳት ለመለየት ይረዳል።

ጥቅሙና ሥጋቱ

ወፉ የሾላና የሌሎች አገር በቀል ዛፎችን ፍሬ ተመግቦ ዘሩን ወደ ሌላ ስፍራ በማድረስ ደን እንዲታደስ ያግዛል። በአንጻሩ ለከሰል፣ ለማገዶና ለእርሻ የሚካሄደው ምንጣሮ መኖሪያውን እያጠበበው ይገኛል። በሌላ በየትኛውም አገር ስለማይገኝ፣ ከእነዚህ ደኖች ከጠፋ ከሌላ ስፍራ መልሶ ማምጣት አይቻልም።

ከኅብረተሰቡ የሚጠበቅ

የአገሪቱ የዱር እንስሳት ሕግ ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳትን ማደን ይከለክላል። በመሆኑም ማንኛውም ሰው ወፉን ከመያዝ፣ ከመግደልና ጎጆውን ከመንካት እንዲቆጠብ፣ ፍሬ የሚሰጡ አገር በቀል ዛፎችን እንዲንከባከብ፣ ሕገ ወጥ ድርጊት ሲመለከትም በአቅራቢያው ለሚገኝ የሚመለከተው የመንግሥት አካል እንዲያሳውቅ ይጠየቃል።