ከፋሲል ግቢ የአንድ ቀን ትምህርት

ጎንደርን ለማየት የሚሄድ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚጠይቀው «ይህን ማን ሠራው?» ብሎ ነው። የምህንድስና ባለሙያ ግን «እንዴትስ እስከ ዛሬ ቆመ?» የሚለውን ጥያቄ መጨመር ይገባዋል።

ከ1624 እስከ 1660 ዓ.ም. የነገሡት ዐፄ ፋሲለደስ ከተማዪቱን በ1628 ዓ.ም. ገደማ ከቆረቆሩ በኋላ፣ ዮሐንስ፣ ኢያሱ፣ ዳዊት፣ በካፋና እቴጌ ምንትዋብ በየተራ የየራሳቸውን ሕንፃ አክለዋል። ሰባት ሄክታር የሚያህለውን ግቢ 900 ሜትር ርዝመት ያለው ቅጥር ይከብበዋል፤ በሮቹም 12 ናቸው። የፋሲል ቤተ መንግሥት በማዕዘኖቹ ላይ ከቆሙት ክብ ግንቦች ጉልላት ቅርፅ የተነሣ «እንቁላል ግንብ» ተብሏል። ግቢው በ1972 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

ግንቡን ቀረብ ብሎ ለመረመረው ሰው ምስጢሩ ከድንጋዩ ይልቅ በማያያዣው ላይ ነው። ጥቁሩ ባዝልት የተያያዘው በኖራ ነው። ኖራ ለስላሳ በመሆኑ ግድግዳው ጥቂት ሲላወስ አብሮ ይላወሳል፤ እርጥበትንም ወደ ውጭ ያሳልፋል። ስሚንቶ ግን ድፍንና ጠንካራ ስለ ሆነ እርጥበቱን ወደ ድንጋዩ ይመልሰዋል፤ ከእርጥበቱ ጋር የሚመጣውም ጨው ድንጋዩን ከውስጥ ያፈራርሰዋል። በኢጣልያኖች ዘመን በስሚንቶ የተደረገውን ጥገና ከዓመታት በኋላ የመጡ ባለሙያዎች በኖራ ለመተካት የተገደዱት ስለዚህ ነው።

ይህን ስጽፍ ኀፍረት ይሰማኛል። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ አሮጌ የድንጋይ ግንብ እንዲጠገን ምክር ስጠየቅ፣ ሳልመረምር ስሚንቶ አዝዤ ነበር። ሦስት ክረምት ሳይሞላ የድንጋዮቹ ፊት መላጥ ጀመረ፤ ስሚንቶው ግን እንደ ነበረ ነው። ያጠነከርሁት የመሰለኝን ነገር አጠፋሁት።

ከሰዓት በኋላ ወደ ፋሲል መዋኛ ወረድን። ከቀሃ ወንዝ በሚመጣ ውሃ የሚሞላው ይህ ገንዳ ዛሬም የጥምቀት በዓል ይከበርበታል። በዙሪያው ያሉት የዛፍ ሥሮች ካቡን አቅፈው ይዘዋል፤ ሥሩን መቁረጥ ካቡን ማፍረስ፣ መተውም ስንጥቁን ማስፋት ነው። እንዲህ ያለውን ነገር የሚፈታ ሠንጠረዥ የለም፤ ትዕግሥትና የቅርብ ክትትል ብቻ ነው።

እነዚያ ግንበኞች የእኛን ስሌት አያውቁም ነበር፤ የእጃቸውን ዕቃ ጠባይ ግን ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። እኛም የአባቶችን ሥራ ለመጠገን ከመነሣታችን በፊት እነርሱ የተጠቀሙበትን ዕቃ ብናውቅ፣ ከጥፋት እንድናለን።