በቤት የሚሠራ አውሮፕላንና የባሌ ከፍታ

አውሮፕላን ከታላላቅ ፋብሪካዎች በቀር በሌላ ስፍራ ሊሠራ አይችልም የሚለው እምነት በብዙዎች ዘንድ ጸንቶ ይገኛል። ታሪኩ ግን ይህን አይደግፍም። ፈረንሳዊው አንሪ ሚኜ እ.ኤ.አ. በ1934 ለሕዝብ ያቀረበው የእንጨትና የጨርቅ አውሮፕላን ንድፍ ብዙ አውሮፓውያንን ከጓሮአቸው ወደ ሰማይ አስነሥቷል። ሆኖም በክንፎቹ አቀማመጥ የነበረው ጉድለት እ.ኤ.አ. በ1936 በነፋስ ዋሻ ሙከራ እስኪገለጥ ድረስ የበርካታ አብራሪዎችን ሕይወት ቀጥፏል። ከዚያ በኋላ ሥራው እየሠለጠነ ሄዶ፣ ክፍሎቹ ተቆርጠውና ተበስተው በሣጥን የሚላኩ አውሮፕላኖች በገበያ ላይ ውለዋል።

የመጀመሪያው አውሮፕላን፣ ፖቴዝ 25፣ በነሐሴ 1921 ዓ.ም. አዲስ አበባ ካረፈ ሰባት ዓመት ሳይሞላ አንዲት አነስተኛ አውሮፕላን በአገራችን ተሠርታ በረረች። ይህችም በጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበርና በኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች የተሠራችው፣ በልዕልት ፀሐይ ስም የተሰየመችው «ፀሐይ» ናት። በ1928 ዓ.ም. በወራሪው የኢጣሊያ ጦር እጅ ወድቃ ወደ ኢጣሊያ ተወሰደች፤ በቪኛ ዲ ቫሌ ቤተ መዘክር ለብዙ ዓመታት ከቆየች በኋላ በጥር 2016 ዓ.ም. ወደ አገሯ ተመለሰች። መሐንዲስ ግን ከሁሉ አስቀድሞ ሞተሯን ሊመለከት ይገባዋል፤ 115 የፈረስ ጉልበት ያለው ቫልተር ቬኑስ ነበር። ለሁለት ሰው አውሮፕላን ይህ ጉልበት በባሕር ጠረፍ ላይ የተትረፈረፈ ሊመስል ይችላል። በአዲስ አበባ ከፍታ ግን ትርፍ የለውም።

በ2007 ዓ.ም. በጤና ሙያ የተሠማሩት አቶ አስመላሽ ዘፈሩ በገዛ እጃቸው የሠሯትን «ኬ-570ኤ» ለሙከራ አቀረቡ። ፊደሉ የእናታቸው ስም መነሻ፣ ቁጥሩም ሥራው የፈጀው ቀን ነው። ሞተሩ የቮልስዋገን መኪና ነበር። አውሮፕላኗ በዚያ ሙከራ ሳትነሣ ቀረች። ይህን ያደረገው የአየሩ መሳሳት ብቻ ነው ለማለት አይቻልም፤ ነገር ግን በደጋ ምድር አውሮፕላን የሚሠራ ሁሉ ሊዘለው የማይገባ ስሌት አለ።

የባሌን ደጋ እንውሰድ። የሮቤ ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ጎባ ከዚያ ትበልጣለች፤ የሳነቴ አምባ 4,000 ሜትር ያልፋል፤ ቱሉ ዲምቱም 4,377 ሜትር ይደርሳል። ሙቀቱ 20 ዲግሪ በሆነ ቀን የሮቤ አየር እፍጋት በባሕር ጠለል ካለው 73 ከመቶ ያህል ብቻ ነው። በመሆኑም መጭመቂያ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ 30 ከመቶ ገደማ ያጣል፤ 60 የፈረስ ጉልበት የተባለው 42 ይሆናል ማለት ነው። በዚያው ላይ አውሮፕላኑ ለመነሣት 17 ከመቶ የበለጠ ፍጥነት ይሻል። ጉልበት በሚቀንስበት ስፍራ የሚፈለገው ፍጥነት ይጨምራልና፣ ለመንደርደር የሚያስፈልገው ርቀት ወደ እጥፍ ይጠጋል። ከሣጥኑ ጋር የሚመጣው መመሪያ ግን ብዙውን ጊዜ የባሕር ጠለሉን ቁጥር ነው በትልቅ ፊደል የሚጽፈው።

ስለሆነም በባሌ የሚገጣጠም አውሮፕላን ማሻሻያው ለጌጥ አይደለም። የካርቡሬተሩ ነዳጅ ልኬት መቀነስ፣ የፕሮፔለሩ ቅጠል ማዕዘን ለስስ አየር መስተካከል፣ ቢቻልም ክንፉ ሰፋ ማለት ይኖርበታል። ከሁሉም የሚሻለው በጭስ ኃይል የሚሠራ አየር መጭመቂያ ያለው ሞተር ነው። ሮታክስ 914 የተባለው 115 የፈረስ ጉልበቱን እስከ 2,450 ሜትር፣ የዘወትሩን 100 ደግሞ እስከ 4,800 ሜትር ገደማ ይዞ ይዘልቃል። ቁጥሩ ከ«ፀሐይ» ሞተር ጋር መመሳሰሉ የአጋጣሚ ነገር ነው፤ ልዩነቱ ይኸኛው ጉልበቱን በሮቤ ደጃፍም አለማጣቱ ነው።

የእጅ ሙያ አይጠፋም። የስንዴ ማጨጃ ኮምባይኖችን ሲፈቱና ሲበይዱ የኖሩ የሮቤ መካኒኮች ቧንቧ መበየድን ያውቁታል፤ ቀጭን የአውሮፕላን ቧንቧ ግን ሌላ ጥንቃቄና ሌላ ፍተሻ ይፈልጋል። የሙከራው አቅጣጫም አስቀድሞ መወሰን አለበት። ወደ ደቡብ ሳነቴ ከፍ ብሎ ይቆማል፣ ከእርሱም ወዲያ የሐረና ጫካ ቁልቁል ይዘረጋል፤ በዚያ ሞተር ቢጠፋ ማረፊያ የለም። በሲናና በኩል ግን ከአጨዳ በኋላ ገለባው ብቻ የቀረበት ሜዳ ሰፊ ነው።