ከወጌሻ ቤት እስከ ጦር ሜዳ

ወጌሻ በአገራችን ሐኪም ቤት ሳይኖር የነበረ፣ ሐኪም ቤት ከመጣም በኋላ ከመንደሩ ያልጠፋ ባለሙያ ነው። ከዛፍ የወደቀ ልጅ፣ በቅሎ የጣለችው መንገደኛ፣ ትከሻው የወለቀ አራሽ ወደ እርሱ ይወሰዳል። እርሱም በጣቶቹ ዳብሶ ስብራቱን ከወለምታው ይለያል፤ ስቦ ያቃናል፤ የቀርከሃ ወይም የሸምበቆ ስንጣሪ ደርድሮ ያስራል። የተማረው ክፍል ስለዚህ ባለሙያ ሲናገር ከሁለት ጠርዝ አንዱን ይይዛል፤ ወይ ኋላ ቀር ብሎ ይጥለዋል፣ ወይ የአባቶች ጥበብ ነው ብሎ ሳይመረምር ያወድሰዋል። ሁለቱንም አቋም የሚፈትን ታሪክ በእንግሊዟ የወደብ ከተማ በሊቨርፑል እናገኛለን።

በ19ኛው ምእተ ዓመት በዚያች ከተማ ኤቫን ቶማስ የሚባል ወጌሻ ነበረ። ዘሩ ከዌልስ፣ ከአንግልሲ ደሴት ሲሆን፣ አጥንት መጠገን በቤተ ሰቡ ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ የመጣ ሙያ ነው። ወዛደሩ በሩን ያጣብበው ነበር፤ ዲፕሎማ የያዙት ሐኪሞች ግን በጥርጣሬ ያዩት ነበር፤ ፍርድ ቤትም ከአንድ ጊዜ በላይ ቆሟል። ለዚህ የሰጠው መልስ የሚደነቅ ነው፤ አምስት ወንዶች ልጆቹን ሕክምና እንዲማሩ ላካቸው።

ከእነርሱ አንዱ ሂዩ ኦወን ቶማስ (እ.ኤ.አ. 1834—1891) በኤደንብራና በለንደን ተምሮ ተመለሰ። ከአባቱ ጋር አብሮ የሠራው ለጥቂት ጊዜ ብቻ ቢሆንም፣ በዚያ ቤት ያየውን አልጣለም። ሌሎች ሐኪሞች የታመመን መገጣጠሚያ ቀዶ ለማውጣት ወይም እግርን ለመቁረጥ በሚቸኩሉበት ዘመን፣ እርሱ ዋናው መድኃኒት ያልተቋረጠና ረጅም ዕረፍት ነው አለ። ዕረፍቱም በምክር ብቻ አይገኝምና ብረት ቀጥቃጭና ቆዳ ሰፊ ቀጥሮ መደገፊያ አሠራ። ነገሩ ቀላል ነው፤ ብሽሽት ላይ የሚያርፍ በቆዳ የተለበጠ ቀለበት፣ ከቀለበቱ በግራና በቀኝ ወርደው ከእግር በታች የሚገናኙ ሁለት የብረት ዘንጎች። እሑድ እሑድ ድኾችን በነፃ ያክም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1875 መጽሐፍ አሳተመ፤ ታላላቆቹ ሐኪሞች ግን እምብዛም አላዳመጡትም።

ያዳመጠው የሚስቱ ወንድም ልጅ ሮበርት ጆንስ ነው። ጆንስ እ.ኤ.አ. ከ1888 ጀምሮ 58 ኪሎ ሜትር የሚረዝመውን የማንቸስተር የመርከብ ቦይ ለሚቆፍሩት በሺህ የሚቆጠሩ ሠራተኞች በመስመሩ ላይ የመጀመሪያ እርዳታ ጣቢያዎችንና ሆስፒታሎችን አደራጀ። የተሰበረ አካል ከመጓዙ በፊት መጽናት እንዳለበት በዚያ ሥራ በሚገባ ታየ።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጭኑን በጥይት የተመታ ወታደር በቃሬዛ በተንገጫገጨ ቁጥር የአጥንቱ ስለት ሥጋና የደም ሥር ይቆርጣል፤ ከጭን ውስጥ ብቻ ከአንድ ሊትር በላይ ደም ሊፈስ ይችላል። ስለሆነም ቃሬዛ ተሸካሚዎች የቶማስን መደገፊያ ዓይናቸው ተሸፍኖ እንኳ እንዲያስሩ ተለማመዱ፤ የቁስለኛውን ሱሪና ጫማ ሳያወልቁ፣ እግሩን በጫማው በኩል ስበው ያጸኑት ነበር። ከ100 ቁስለኞች እስከ 80 የሚደርሱት ይሞቱ እንደ ነበርና በ1917ቱ የአራስ ውጊያ ቁጥሩ ወደ 16 እንደ ወረደ የዘመኑ ሐኪሞች ጽፈዋል። በስሌቱ ላይ የታሪክ ሰዎች ይከራከራሉ፤ ብዙ ሕይወት መትረፉን ግን የሚክድ የለም።

ወደ ራሳችን ወጌሻ ስንመለስ ልዩነቱ ግልጽ ይሆናል። አጥንትን አቃንቶ ማጽናት የሚለው ሐሳብ የጋራ ነው። የቶማስ መደገፊያ ግን እግርን በቁመቱ ይስባል እንጂ ዙሪያውን አያንቅም። የቀርከሃው ስንጣሪ በጠባብ ሲታሰር ከሰዓታት በኋላ የሚያብጠው ሥጋ መሄጃ ያጣል፤ ደም ይታገዳል፤ ሥጋው ይሞታል። በአገራችን ሆስፒታሎች የስንት ሕፃን እጅና እግር በዚህ ምክንያት ተቆርጧል! ጥፋቱ በሕግ ማስፈራራት ብቻ አይገታም፤ ሕዝቡ ወጌሻውን አይተውምና። አጭር ትምህርት ለወጌሾች በተሰጠበት የአገራችን አካባቢ መቆረጡ እንደ ቀነሰ እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ ጥናት አመልክቷል። ለወጌሻው ሊነገር የሚገባው ብዙ አይደለም፤ አጥንቱ ቆዳ ቀዶ የወጣበትን ሰው ቁስሉን በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኖ ፈጥኖ ወደ ሆስፒታል እንዲልክ፣ ከስንጣሪው ሥር ጥጥ ወይም ለስላሳ ጨርቅ እንዲያደርግ፣ የጣቶቹን ጫፍ ሳይሸፍን እንዲተው፣ ጣቶቹ ሲቀዘቅዙ፣ ሲደነዝዙ ወይም መልካቸው ሲለወጥ ማሰሪያውን ሌሊትም ቢሆን እንዲፈታ።