አትቅጠፉ የተባለ ትውልድ

በእስራኤል እስከ 1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ድረስ ዝናቡን ተከትለው ሜዳውን የሚሞሉትን ካላኒትና ራኬፌት የተባሉ የዱር አበቦች እቅፍ ሙሉ ቀጥፎ ወደ ቤት መውሰድ የሽርሽር ወግ ነበር። እስር እስር አድርገው የሚሸጡም ነበሩ። ዛሬ ግን በየካቲት «ዳሮም አዶም» ለሚባለው የአበባ ወቅት ወደ ሰሜናዊው ኔጌቭ የሚጎርፈው ሕዝብ ካላኒቱን አይቶ፣ ፎቶ አንስቶ፣ ባዶ እጁን ይመለሳል። ይህን ልማድ የለወጡት ከሕጉ ይልቅ የመዋዕለ ሕፃናትና የአንደኛ ደረጃ መምህራን ናቸው ባይ ነኝ።

የነገሩ መነሻ አበባ አልነበረም። በላይኛው ገሊላ የሚገኘው የሁላ ረግረግ ለእርሻ መሬትና ወባን ለማጥፋት ተብሎ ከ1951 እስከ 1958 እንዲደርቅ ተደረገ። በዚያው ሰሞን፣ በ1953፣ አሞጽ ዛሃቪ፣ አዛሪያ አሎንና ጓዶቻቸው የተፈጥሮ ጥበቃ ማኅበር መሠረቱ። ረግረጉን አላዳኑትም፤ የተረፈው ቁራጭ በ1964 የተፈጥሮ ጥብቅ ቦታ ሆነ። የመንግሥትን ዕቅድ መግታት ላቃተው ማኅበር የሚቀርበው በር የትምህርት ቤት በር ነበር። ተማሪዎች ቀናት የሚያሳልፉባቸው የመስክ ትምህርት ቤቶች፣ ዓይን ጌዲን ጨምሮ፣ ተከፈቱ። በ1963 የተፈጥሮ ጥበቃ ሕግ ወጥቶ የተጠበቁ አበቦች ዝርዝር ሲታወቅ ደግሞ ሥዕላቸው በየክፍሉ ግድግዳ ተለጠፈ። መልእክቱ ለአምስት ዓመት ልጅም አይከብድም፤ ውጡ፣ እዩ፣ አትቅጠፉ። ልጁም ቤቱ ገብቶ እናትና አባቱን ይቆጣጠር ጀመር።

ሥራውን የሠራው ቅጣቱ ነው የሚል አይጠፋም። ቅጣቱ መኖሩ እውነት ነው፤ ነገር ግን በየኮረብታው ዘብ ማቆም የሚችል መንግሥት የለም፣ በመኪናው የኋላ ወንበር የተቀመጠ ልጅ ግን አለ። ጠንከር ያለው ተቃውሞ ከዕፅዋት አዋቂዎች ይመጣል። የካላኒትና የራኬፌት ሕይወት ከመሬት በታች ባለ ወፍራም ሥር ስለሚቀጥል፣ አበባው ቢቀጠፍ ዘር ይቀንሳል እንጂ ተክሉ ወዲያው አይሞትም፤ ሜዳውን የሚጨርሰው ግንባታና እርሻ ነው ይላሉ። እውነታቸውን ነው። ትምህርቱ እጅን ገራ እንጂ ዶዘርን አልገታም። ሆኖም ያንን ዶዘር ኋላ ላይ ለመሟገት የሚነሣ ሕዝብ ሜዳውን አስቀድሞ የራሱ አድርጎ ሊያየው ይገባል፤ ያን ስሜት የዘራው ደግሞ የክፍሉ ግድግዳ ነው።

እኔን የሚያስቸግረኝ ሌላው ተቃውሞ ነው። ለሽርሽር የወጣ ከተሜ እቅፍ አበባ ቢቀርበት ምንም አይጎድልበትም። ከጦስኝ ጋር የሚዛመደው ዛዕታር በ1977፣ አኩብ የተባለው እሾሃማ ተክል በ2005 ከተጠበቁት ዕፅዋት ሲቆጠሩ ግን ክልከላው የአረብ ቤተሰቦችን ማዕድ ነካ። ለእነርሱ መልቀም ከአያቶች የወረሱት የምግብ ዕውቀት ነው፤ የትኛው ሥር ይተዋል፣ የትኛው ቅጠል ይወሰዳል የሚለውን ልጆቻቸው ያለ መምህርና ያለ ግድግዳ ሥዕል ይማሩት ነበር። ለንግድ በብዛት ይለቀማል የሚለው የተፈጥሮ ጥበቃ ባለሥልጣኑ ስጋት መሠረት የለውም አልልም። ግን አንድ ጎልማሳ ለእራት የለቀመውን አስረክቦ መቀጮ ሲከፍል፣ ለአምስት ዓመት ልጅ የተመጠነ ደንብ ያለ ቦታው መዋሉ ይታያል። ባለሥልጣኑ ለቤት ፍጆታ የሚሆን ጥቂት መልቀም የፈቀደው ጠበቆች ከተሟገቱ በኋላ፣ ገና በቅርብ ዓመታት ነው።