ነገረ ከተማ፦ ስለ ጅሬን ኮረብታና ስለ ሂርማታ ገበያ

ከጅማ ከተማ መካከል ተነሥቶ ሰባት ኪሎ ሜትር ያህል ዳገቱን የወጣ መንገደኛ ጅሬን ሲደርስ፣ ከ1878 እስከ 1932 የጅማን መንግሥት ያስተዳደሩትን የዳግማዊ አባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት፣ በእንጨት ሥራ የተዋበው ሰገነቱ ሸለቆውን እንደ ተመለከተ፣ መስጊዱም ከአጠገቡ እንደ ቆመ ያገኘዋል። (በዚህ ሐተታ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከሰገነቱ ሥር ቆሞ ቁልቁል የሚመለከት ሰው ዐይኑ የሚያርፈው በአዌቱ ወንዝ ግራና ቀኝ በተንጣለለው ከተማ ላይ ነው፤ ጥንት ሂርማታ የተባለው የሐሙስ ገበያ የነበረበትም ሥፍራ ያው ነው። ንጉሡ ከላይ፣ ገበያው ከታች ነበሩ። ዛሬም ሊጎበኝ የመጣው ወደ ላይ ይወጣል፤ ሊኖር የመጣው ግን፣ የዛሬ መቶ ዓመትም ሆነ ዘንድሮ፣ ጎጆውን የሚቀልሰው ከታች ነው። ታላቅ ከተማን ለእንግዳም ለአዲስ ነዋሪም ተወዳጅ የሚያደርጋት ምን እንደ ሆነ ለሚመረምር ሰው ከዚህ የተሻለ ማስረጃ በአገራችን ማግኘት የሚያስቸግር ይመስለኛል።

የዚህ ጽሑፍ አሳብ በአጭሩ ይህ ነው። ሰውን ወደ ከተማ የሚጠራው የሕንፃ ግርማና የቦታ ውበት ሊሆን ይችላል፤ የሚያስቀረው ግን፣ ባዕድ ሆኖ የመጣው ሰው ንብረቱ ሳይነጠቅ፣ ሚዛን ሳይጓደልበት፣ ሃይማኖቱ ሳይነቀፍበት ሠርቶ ማደርና ከጊዜ በኋላም ባለ አገር መባል መቻሉ ነው። ጎብኚው ራሱ፣ ሳያውቀውም ቢሆን፣ የሚደሰተው እንዲህ ያሉ ሰዎች ተሰብስበው የፈጠሩትን ሕይወት በማየቱ ነው።

ነገሩን አጥብቀው ከመረመሩት ሊቃውንት አንዱ የቱኒስ ተወላጅ ኢብን ኻልዱን ሲሆን፣ በ1377 በጻፈው ሙቀዲማ በተባለው መጽሐፉ፣ ለከተማ የሚመረጥ ቦታ ጤናማ አየር፣ ቅርብ ውሃ፣ ለእንስሳት ግጦሽ፣ ለማገዶና ለሕንፃ የሚሆን እንጨት፣ እህል የሚያበቅል እርሻም ሊኖረው እንደሚገባ ከዘረዘረ በኋላ፣ የከተማ ብልጽግና የሚመነጨው ከሠሪው እጅ ብዛትና ከሙያው መከፋፈል መሆኑን፣ ገዢ የሰውን ገንዘብ ያለ ዋጋው ሲወስድ ግን ተስፋ ስለሚቆረጥ ሕዝቡ እንደሚበተን፣ ሕዝቡም ሲበተን ከተማው እንደሚፈርስ ያስረዳል። የጠባየ ምድር ነገር ቀላል እንዳልሆነ አዲስ አበባ ምስክር ናት፤ በ1886 በፍል ውሃ አጠገብ የተቆረቆረችው ያች ከተማ በማገዶ እጦት ምክንያት ወደ አዲስ ዓለም ልትዛወር ተቃርባ እንደ ነበረና ያጸናትም ባሕር ዛፍ መሆኑ የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ ጠባየ ምድር ብቻውን ጅማን አይፈታልንም። ዝናቡ፣ ለምለሙ ጫካ፣ ቡናውና ማሩ ለጎረቤቶቹ ለጎማም፣ ለጌራም፣ ለሊሙም እኩል የተሰጠ ጸጋ ነውና።

እንዲያውም በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ከእነዚህ አጎራባች የግቤ ነገሥታት ግዛት ሁሉ የላቀው መካነ ንግድ በሊሙ ኢናርያ የነበረው የሰቃ ገበያ ነበር። ከ1825 እስከ 1861 የነገሡት አባ ባጊቦ ብልህ መሪ ሲሆኑ፣ ከጎጃምና ከጎንደር የሚመጡት ነጋድያን ከሰቃ አልፈው ወደ ከፋ እንዳይዘልቁ ይከለክሉ ስለ ነበረ፣ የወርቁ፣ የዝሆን ጥርሱ፣ የዝባዱና የኮረሪማው ትርፍ በእጃቸው ይገባ ነበር። ክልከላው ለአንድ ትውልድ ጠቅሟል። ነገር ግን ነጋዴ የተዘጋ በር ባየ ጊዜ ሌላ በር መፈለጉ አይቀርም። የጅማው ንጉሥ ቀዳማዊ አባ ጅፋር ባዲ ፎላ የተባለውን ስፍራ በያዙና ወደ ሸዋ የሚወስደው የሲራራ መንገድ በጅማ እጅ በገባ ጊዜ፣ አባ ባጊቦም ባረፉ ጊዜ፣ ነጋዴው እግሩን ከሰቃ ወደ ሂርማታ አዞረ፤ የሰቃም ስም ከታሪክ መጻሕፍት በቀር ብዙም የማይነሣ ሆነ። የሁለቱ ገበያዎች አየርም ውሃም አልተለወጠም፤ የተለወጠው የመንገዱ መከፈትና መዘጋት ነው።

ሂርማታ በገነነበት ዘመን በየሐሙሱ እስከ 30,000 የሚደርስ ሕዝብ ይሰበሰብበት እንደ ነበር ተጽፏል። ለዚያ ዘመን ይህ ቁጥር እጅግ የሚያስደንቅ ነው። ከከፋ፣ ከዳውሮ፣ ከየም፣ ከሸዋ፣ ከወሎና ከጎንደር የመጣ ሰው፣ አንዱ የሌላውን ቋንቋ ሳያውቅ፣ አሞሌና የማሪያ ቴሬዛ ብር ይዞ በአንድ ሜዳ ላይ ሲገበያይ የሚዳኘው ከሌለ ገበያው በአንድ ቀን ጠብ ይበተናል። በ1965 ስለ ጅማ መንግሥት መጽሐፍ ያሳተመው አሜሪካዊው የሥነ ሰብ ሊቅ ኸርበርት ሉዊስ እንደሚያስረዳው፣ ለዚህ የሚሆን ሥርዓት ተሠርቶ ነበር፤ ነጋድራስ ተሹሞ የንግዱን ሥራ ይመራል፣ የገበያ ሹም ክርክሩን ይሰማል፣ በየድንበሩ ያሉት ኬላዎች የሚገባውንና የሚወጣውን ይጠብቃሉ። ከሩቅ የመጡት እስላም ነጋዴዎች በገበያው አጠገብ ለብቻቸው የሚሰፍሩበት፣ መንደራ የሚባል ቦታ ነበራቸው፤ ከዛሬዋ ጅማ ሰፈሮች አንዱ እስከ አሁን በዚሁ ስም ይጠራል። እንግዳው ከብቱን የሚያሳድርበት፣ ዕቃውን የሚያኖርበት፣ የሚጸልይበትም ቦታ ሲያገኝ የአንድ ገበያ ቀን መንገደኛ መሆኑ ቀርቶ ክረምቱን ይከርማል፤ ክረምቱን የከረመው ያገባል፤ ልጆቹም የአገር ልጆች ይሆናሉ።

እዚህ ላይ ሳይሸፈን መነገር ያለበት አንድ ነገር አለ። ወደ ሂርማታ ከመጡት ሰዎች ብዙዎቹ ወድደው አልመጡም። ገበያው ከደቡብ ምዕራብ የሚጋዙ ባሮች ከሚሸጡባቸው ታላላቅ ገበያዎች አንዱ ነበር፤ በነጋዴው ዘንድ ሰላም የተባለው መንገድ ለእነዚያ ምስኪኖች የመከራ መንገድ ነበር። ዛሬ የከተማውን ኅብረ ቀለም ስናደንቅ፣ ከቀለማቱ አንዳንዱ በእንባ የታተመ መሆኑን መርሳት በሟቾቹ ላይ ሁለተኛ በደል መፈጸም ነው። ስለ ከተማ ማራኪነት የሚጽፍ ሰውም ፈቅዶ የመጣውን ተገዶ ከመጣው ሳይለይ ቁጥር ብቻ ቢያቀርብ ሐተታው ዋጋ ያጣል።

ዳግማዊ አባ ጅፋር በለጋ ዕድሜያቸው ነግሠው፣ የእናታቸውን የጉሚቲን ምክር ሰምተው፣ ለንጉሥ ምኒልክ ያለ ጦርነት ገበሩ፤ በየዓመቱ ግብር እየላኩም የውስጥ አስተዳደራቸውን እስከ ዕለተ ሞታቸው ጠበቁ። የዚህ ውሳኔ ክብደት የሚታወቀው የጎረቤታቸውን የከፋን ዕጣ ባስተዋልን ጊዜ ነው። ከፋ በ1897 በጦርነት ተሸንፎ ንጉሡ ጋኪ ሸሮቾ ሲማረኩ፣ አገሩ ተፈታ፣ ሕዝቡም ተመናመነ፤ የጅማ ሰው ግን ሐሙስ ሐሙስ ገበያውን ይውል ነበር። በሰላሙ ምክንያት ነጋዴ ብቻ ሳይሆን ከወሎና ከሌላም አገር የመጡ የእስልምና ሊቃውንት በጅማ ተቀመጡ፤ ደረሳውም እነርሱን ተከትሎ መጣ። የዕውቀት ፈላሲ ከንግድ ፈላሲ ይልቅ ሥር ይሰዳል፤ ነጋዴ ትርፍ ሲጎድል ይሄዳልና፣ መምህር ግን ተማሪዎቹን ጥሎ መሄድ ይከብደዋል።

የፋሺስት ኢጣልያ ዘመን አጭር ቢሆንም በከተማው ገጽ ላይ ምልክቱን ትቷል። ወራሪው ጅማን ለደቡብ ምዕራቡ ግዛት ርእሰ ከተማ አድርጎ በአዌቱ አጠገብ የከተማ ፕላን አወጣ፤ ፈረንጅ አራዳ የሚለው የሰፈር ስም ከማን ጋር እንደሚያያዝ ለማንም አይሰወርም። በ1941 ኢጣልያ ተሸንፎ ሲወጣ ሕንፃዎቹ ቀሩ፤ ጅማም የከፋ ጠቅላይ ግዛት መቀመጫ ሆነች።

ከዚያ በኋላ የመጣው ታላቅ ማዕበል የቡና ነው። በ1950ዎቹ የቡና ዋጋ በዓለም ገበያ ባደገ ጊዜ መሬት ፈላጊው፣ ሰብሳቢው፣ አቅራቢውና ባለ መጋዘኑ ወደ ጅማና ወደ አጋሮ ጎረፈ፤ በለቀማው ወራትም ከዳውሮ፣ ከከምባታ፣ ከወሎ የተነሣ የቀን ሠራተኛ መንገዱን ይሞላው ጀመር። ከእነዚህ ብዙዎቹ ለአንድ ለቀማ ብለው መጥተው ቀርተዋል። በ1994 በተደረገው ቆጠራ የጅማ ከተማ ሕዝብ 88,867፣ በ2007ቱ ደግሞ 120,960 ነበር። ኦሮሞው ከነዋሪው ከፍ ያለውን ድርሻ ሲይዝ፣ ከእርሱ ጋር አማራው፣ ዳውሮው፣ ጉራጌው፣ ከፋውና የሙ አብረው ይኖራሉ፤ በአንድ መንገድ ላይ የመስጊዱን አዛንና የቤተ ክርስቲያኑን ቅዳሴ መስማት የተለመደ ነው። ይህን ቅልቅል ያመጣው የቡናው ፍሬ ብቻ ቢሆን ኖሮ ቡና አብቃይ የሆነው ወረዳ ሁሉ ጅማን ባከለ ነበር።

ከቡናው ጋር የትምህርቱ ነገር ይነሣል። በ1952 የተቋቋመው የእርሻ ትምህርት ቤት፣ በ1983 የተመሠረተው የጤና ሳይንስ ተቋም፣ ሁለቱ በ1999 መጨረሻ ተዋሕደው የፈጠሩት የጅማ ዩኒቨርሲቲ፣ ከየክፍለ ሀገሩ ወጣቶችን አምጥተዋል። ዩኒቨርሲቲው ተማሪዎቹን ወደ ገጠሩና ወደ ጤና ጣቢያው ልኮ ከሕዝብ መካከል ማስተማርን ልማድ አድርጓል፤ ይህ ልማድ ለከተማው ያደረገው ነገር ተገቢውን ምስጋና ያገኘ አይመስለኝም። ከከተማው ጥቂት ራቅ ብሎ ያለው የመልኮ የምርምር ማዕከልም በ1971 በአገራችን የታየው የቡና ፍሬ በሽታ ጫካውን ባሠጋ ጊዜ፣ በሽታውን የሚቋቋሙ ዛፎችን ከዚያው ከአካባቢው ቡና መካከል መርጦ ለገበሬው ማዳረስ ችሏል። ያ ሥራ ባይሠራ ኖሮ ለቀማው ያመጣው ሕዝብ ለቀማው ሲጠፋ ተመልሶ በሄደ ነበር።

ወደ ጎብኚው እንመለስ። ከጅሬን ወርዶ ወደ ገበያው የሄደ ሰው የጅማን በርጩማ ሲጠረብ ቢመለከት ጊዜው አልባከነም። ጠራቢው የዋንዛውን ግንድ በልክ ይቆርጣል፤ በመጥረቢያ ዙሪያውን ከላጠ በኋላ መቀመጫውን በመሮ ጎድጎድ ያደርገዋል፤ ከሥሩም ከዚያው ከአንድ እንጨት ሦስቱን እግር ፈልቅቆ ያወጣል። ምስማር የለበትም፣ ሙጫም የለበትም፤ ከሦስቱ እግሮች አንዱ ቢሰበር መቀጠያ ስለሌለው ድካሙ ሁሉ ከንቱ ይሆናልና፣ የመጨረሻዎቹን ምቶች ትንፋሹን ውጦ ነው የሚመታው። ገዢው ይህን ካየ በኋላ በዋጋ መከራከሩን ይተዋል። ቤተ መንግሥት አንድ ጊዜ ይታያል፤ ሙያተኛ ያለበት ገበያ ግን በየሳምንቱ አዲስ ነው።

ስለ ሚዛን ከላይ ያልሁትን በቅርብ ጊዜ ያረጋገጠልን የአጋሮ ቡና ነገር ነው። የአካባቢው ቡና ለብዙ ዘመን በዓለም ገበያ ጅማ 5 በሚባል ዝቅ ያለ ደረጃ ይታወቅ ነበር፤ ምክንያቱም ፍሬው ቀዩ ከአረንጓዴው ሳይለይ በባዶ መሬት ላይ እየተሰጣ የአፈር ጣዕም ይይዝ ስለ ነበረ ነው። ገበሬዎች በኅብረት ሥራ ማኅበር ተደራጅተው የማጠቢያ ጣቢያ ሲያቋቁሙ ግን፣ ቀይ እሸት ብቻ ተለቅሞ ይቀርባል፣ በባለቤቱ ፊት ይመዘናል፣ ብዙ ሳይቆይ ይፈለፈላል፣ ከዚያም ከመሬት ከፍ ባለ አልጋ ላይ ተሰጥቶ ፀሐይ ሲበረታ ይሸፈናል። ከእነዚህ ማኅበራት አንዱ የሆነው ዱሮሚና በ2012 አዲስ አበባ ላይ በተደረገው የአፍሪካ ቡናዎች ውድድር አንደኛ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ከባሕር ማዶ የሚመጣው ቡና ገዢ አዲስ አበባ ሆኖ ናሙና ከመጠበቅ ይልቅ አጋሮን እስከሚከብበው የጎማ ገጠር ድረስ ይዘልቃል። ለገበሬው መሬቱም ዛፉም አዲስ አልነበሩም፤ አዲስ የሆነው እየታየ የሚመዝነው ሚዛን ነው።

እንግዲህ የጅማን መንገዶች የሚያሰፉ፣ የአዌቱን ዳር የሚያስጌጡ፣ የጅሬንን ቤተ መንግሥት የሚጠግኑ ሁሉ መልካም ሥራ እየሠሩ ነው፤ ለእንጨት ሕንፃ ጥገና የሚወጣ ገንዘብ እንደ ብክነት ሊቆጠርም አይገባም። የምለምናቸው ነገር ቢኖር፣ ሥራውን ከኮረብታው ብቻ ሳይሆን ከሜዳውም እንዲያስቡት ነው። በጥቅምትና በኅዳር አውቶቡስ ተራ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ ዛሬ ብዙ ጊዜ በረንዳ ያድራል፤ ለእርሱ በአነስተኛ ዋጋ የሚያድርበት ቤትና የሚታጠብበት ውሃ ማዘጋጀት ከአንድ አደባባይ ማስጌጫ ወጪ አይበልጥም። ከዓመታት በኋላ መታወቂያ ሊያወጣ ወደ ቀበሌ የሚሄደውም ሰው የየት አገር ሰው ነህ ከመባሉ በፊት ስንት ዓመት ኖርህ ቢባል ይገባዋል። የሐሙሱም ገበያ ሜዳ በከተማው ፕላን ላይ ወሰኑ ተለክቶ፣ ለሌላ ግንባታ እንዳይሰጥ በማዘጋጃ ቤቱ ደንብ ይጽና፤ ከዴዶ ወረዳ ገብስና ድንች፣ ከማና ወረዳ ማርና ቅቤ ጭነው የሚመጡት እናቶች ዕቃቸውን የሚዘረጉበት ቦታ ካጡ፣ ከጅሬን የሚወርደው ጎብኚም ወደ አዲስ አበባ ከሚመለስበት አውቶቡስ በቀር የሚሄድበት አይኖረውም።